በርሚሉ ምን ነበረበት?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ጣርማ በር ላይ ካፖርቱን ይቆልፋል፣ ደብረ ሲና ላይ ይፈታዋል፣ አርማኒያን ሲያልፍ ያወልቀዋል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ካፖርት የሚባል ነገር የፈለሰፈውን ሰው ይረግማል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሙቀት መውረድ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ አገር የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ እየሠራሁ ነው፤ መጥተህ እይልኝ» ቢለኝ መሳቄን የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

«ይፋት ውስጥ ሙቅ ውሃ? ቧንቧውን መክፈት ነው እንጂ!» አልኩት።

«እሱማ ለብ ያለ ነው ጋሼ። ለብ ያለ ሌላ፣ ሙቅ ሌላ።»

ልጁ እውነቱን ነው። ጊዜው 2012 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን ነበር፤ ሚስቱ ከወለደች ገና አሥራ አምስት ቀኗ። አራስ ቤት ያየ ሰው እንደሚያውቀው የሚፈላው ውሃ ማለቂያ የለውም። ለሕፃኑ ገላ፣ ለእናቲቱ ገላ፣ ለጨርቁ፣ ጠያቂ ለበላበት ሳህን። ይህ ሁሉ በእንጨት ነው። እንጨቱ ግራር ነው፤ ግራሩም ከዓመት ዓመት ከከተማው እየራቀ የሚሄድ ነው። ጭሱን ሲጠጡ የሚውሉት ታላቅ እህቴ ናቸው፤ ዓይናቸው ከቀላ ቆይቷል። በሳቄ አፈርኩና በማግስቱ ወረድኩ።

የእህቴ ልጅ በያጅ ነው። እጁ ብረት ያውቃል። ግቢው ጥግ ሁለት ካሬ ሜትር የሚሆን የቆርቆሮ ሳጥን ሠርቶ፣ ጥቁር የተቀባ ቱቦ አዟዙሮበት፣ ላዩን በመስታወት ከድኖታል። እጄን ወደ ቱቦው ጫፍ ሰደድ አድርጌ ቶሎ መለስኩት፤ ይፋጃል። ከጎኑ 200 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ የብረት በርሚል ቆሟል።

«ሁሉም አልቋል ጋሼ። የቀረኝ ይሄን ከፍ አድርጎ መስቀል ብቻ ነው።»

እትዬ ከማድቤት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ፤ በርሚሉን ዞረው አዩት።

«ምን ነበረበት?»

«ምንም እማዬ፤ ታጥቧል።»

«መታጠቡን አልጠየቅሁህም። ምን ነበረበት ነው ያልኩህ።»

ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ የአንድን ቃል ትርጉም ለማወቅ ቃሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል እያልኩ ተማሪ አሰለች ነበር። እትዬ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያንን ትምህርት ግን ከእኔ አስቀድመው ያውቁት ኖሯል። ይህ የማጀት ሕግ ነው። ጠላ የተጠመቀበት ጋን ውሃ አይቀዳበትም። ላምባ የነካው ጠርሙስ ለዘይት አይሆንም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ የወተቱም ዕቃ እንዲሁ። ሸክላ ቀዳዳ አለው፤ የያዘውን ይመጣል፣ የመጠጠውንም ያስታውሳል። ዕቃ ትዝታ አለው ብለው ያመኑት ሴቶች ግጥም እየጻፉ አልነበረም፤ ኬሚስትሪ እየሠሩ ነበር።

ይፋት ደግሞ ስለ ውሃ ዕቃ ብዙ ያወቀ አገር ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ የያዙት ከእነዚህ ገደሎች አፋፍ ላይ ሆነው ነው። ፈረንሳውያን አርኪዎሎጂስቶች ያጠኑት የኖራ ከተማ ፍርስራሽ፣ የመስጊዱ የድንጋይ ግንብ ጭምር፣ እዚያው ቆላና ደጋ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ሱልጣኖቹ ካለፉም በኋላ መንገዱ አልሞተም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራ የተነሣ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ዓልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዙ መልክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በዚሁ መንገድ ሲመጣ፣ አሳል ሐይቅ አጠገብ የእሱ ጓዞች በውሃ ጥም ሊያልቁ እንደነበር ጽፏል። ያንን በረሃ ሰው የተሻገረው በፍየል ቆዳ ስልቻ ነው። ስልቻው ቢቀደድ፣ ነጋዴው ከነወርቁ ጠፋ ማለት ነው።

ልብ በሉልኝ፤ የቆላ ሰው ጥበቡ ውሃን ማቀዝቀዝ ነው። ስልቻውም እንስራውም ላብ ያወጣሉ፤ ላባቸው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጥላ ሥር የተቀመጠ የይፋት እንስራ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሪጅ ነው። ይህንን የሠራችው ሸክላ ሠሪ ግን «ቡዳ ናት» ተብላ ከመንደሩ ዳር እንድትኖር ተፈርዶባታል፤ ከእጇ እንጠጣለን፣ ከማዕዷ አንቀርብም። ስለዚህ ጉዳይ ገና ብዙ መጻፍ አለበት።

ውሃን ሙቅ አድርጎ ማቆየት ግን የእኛ ሙያ ሆኖ አያውቅም። ሲያስፈልግ እሳት ይነድዳል፣ አበቃ። ሙቅ ውሃ ስንወድ እንኳ የተጠጋነው መሬት ራሷ ወዳሞቀችው ነው። ከይፋት በላይ በተቀመጠችው አንኮበር የነገሡት ምኒልክ ከዚያ ተነሥተው እንጦጦ ወጡ፤ ከእንጦጦ ብርድ ደግሞ ፍልውሃ ወረዱ፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ያችን ቦታ አዲስ አበባ አሉ። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው ለገላ መታጠቢያ ሲባል ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ። ፍልውሃ ላይ ማሞቂያም ማቆያም የለም፤ ምድር ሁለቱንም ሆናለች። እንደ እህቴ ልጅ ፍልውሃ በሌለበት ቀበሌ የሚኖር ሰው ግን ፀሐይዋን ከያዘ በኋላ የት እንደሚያስቀምጣት ማሰብ አለበት።

ይህንኑ ጭንቀት ሌሎች ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1767 ዴ ሶስዩር የተባለ የጄኔቫ ሊቅ ባለ መስታወት ሳጥን ሠርቶ ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ውስጡ ውሃ ከሚፈላበት በላይ ጋለ። ማሞቁ ይኸን ያህል ቀላል ነበር። በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ አሜሪካዊ ጥቁር የተቀቡ የብረት ታንከሮችን በእንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ አጋድሞ የባለቤትነት መብት አወጣበትና መሸጥ ጀመረ። ከቀትር በኋላ ግሩም ሙቅ ውሃ ይሰጥ ነበር። ችግሩ ሌሊቱ ነው። ውሃው የሞቀበት ዕቃና የሚቆይበት ዕቃ አንድ ስለሆነ፣ ቀን በመስታወቱ የገባው ሌሊት በመስታወቱ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ባለቤቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይላጫል። ዊልያም ቤይሊ የሚባል ካሊፎርንያዊ በ1909 ሁለቱን ለያቸው። ቱቦው ፀሐይ ላይ ቀረ፤ ታንከሩ ሙቀት በሚይዝ ነገር ተጀቡኖ ከላይ ተሰቀለ። የሸጠውም «ቀንና ሌሊት» ብሎ ነው፤ የስሙ ጉልበት ያለው በሁለተኛው ቃል ላይ ነው። ቤይሊ ለፀሐይዋ የጨመረላት አንዳች የለም፤ የኬምፕን ገበያ የወሰደው በታንከሩ ነው።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ታዲያ እኔስ ለይቼው የለ እንዴ? ፔርሙዝ ማለት ነው።»

ቃሉን ወደድኩለት። አዎ፣ ትልቅ ፔርሙዝ ነው። ፔርሙዝ ግን መጠን አለው። ተቀምጠን አሰላን። በዚህ ቆላ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በደህና ቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ፀሐይ ያርፋል። በእጅ የተሠራ ሳጥን ከዚያ ሲሶውን ቢይዝ ተመስገን ነው። በሁለት ካሬ ሜትር የሚገኘው ሙቀት 200 ሊትሩን ሙሉ በርሚል ከ25 ወደ 41 ዲግሪ ቢያደርስ ነው፤ ይኸ መልሶ ለብ ያለ ነው። ያው ሙቀት 100 ሊትር ላይ ቢውል ግን 57 ይገባል። ትልቅ ዕቃ ብዙ ሙቅ ውሃ ይሰጣል ብሎ ማሰብ የብዙ ሰው ስሕተት ነው፤ ለእኔም እስከዚያ ቀን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አቀማመጡን ግን ልጁ ራሱ ያውቀዋል። የታንከሩ ሥር ከሳጥኑ አናት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል፤ አለዚያ ሌሊት ሙቁ ውሃ ወደ ቱቦው ተመልሶ እየወረደ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ ሙቁ ከአናት ይቀዳል፤ ሙቅ ውሃ ስለሚቀልል ያለ ፓምፕ ራሱ ይወጣል። ታንከሩ ቢቆም እንጂ ባይጋደም ይሻላል፤ ሲቆም ሙቁ ከቀዝቃዛው ጋር እንደልቡ አይደባለቅም። ከሁሉ በላይ፣ ከአናቱ ወደ ሰማይ የተከፈተ መተንፈሻ ቱቦ ይኑረው። ያፈነው ታንከር ቦምብ ነው። ለጀቦናው ደግሞ የጤፍ ጭድ በጆንያ ጠቅጥቆ አዘጋጅቷል፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ከተጠቀለለ ከማንኛውም የውጭ አገር ስፖንጅ የሚያንስ አይመስለኝም።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ከታሰበ በኋላ የእትዬ ጥያቄ እዚያው ቆሟል። ምን ነበረበት?

ስለ በርሚል ትንሽ ልበል፤ የእኛ ቤት ታሪክ ግማሹ እሱ ላይ ነውና። ስሙን ያገኘነው ከዐረብኛ ነው። ዕቃውን ግን፣ እንዲህ ሁለት ቀለበት ያለውን የብረት በርሚል፣ ለዓለም ያበረከተችው አንዲት ጋዜጠኛ ናት ቢባል ማን ያምናል? ኔሊ ብላይ እ.ኤ.አ. በ1889 ተነሥታ ዓለምን በ72 ቀን የዞረችው አሜሪካዊት ናት። ቆይቶ ባሏ ሞቶ የብረታ ብረት ፋብሪካውን ስትወርስ፣ ሄንሪ ዌርሃን የተባለ ሠራተኛዋ የብረት በርሚሉን ነደፈ፤ በ1905 የተሰጠው የባለቤትነት መብትም ወደ እሷ ተላለፈ። የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነች ይህን ባነሣ አትቀየሙኝ።

እኛ ዘንድ በርሚል ነዳጅ ይዞ ይመጣል እንጂ በርሚል ሆኖ አይቀርም። ተቆርጦ የእንጀራ ምድጃ ይሆናል፣ ተዘርግቶ የበር ቆርቆሮ ይሆናል፣ ድንጋይ ተሞልቶ ኬላ ላይ ገመድ ይይዛል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ደግሞ የሳምንቱ ውሃ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጀሪካንም እንዲሁ ነው፤ ጀርመኖች በ1930ዎቹ ለጦር ሠራዊታቸው ነዳጅ ብለው የሠሩት ባለ 20 ሊትር ዕቃ፣ በፕላስቲክ ተለውጦ የእናቶቻችንን ጀርባ ከእንስራ ገላገለ። ባዶውን እንኳ የሚከብድ እንስራ አዝላ ቁልቁለት የወረደች ሴት ለጀሪካን ሐውልት ብታቆም አይበዛባትም። በጠቅላላው ዘመናዊ የውሃ ዕቃችን ለውሃ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሌላ ነገር ይዞ መጥቶ፣ ያ ነገር ሲያልቅ ለእኛ የተረፈ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ያ ሌላ ነገር የምግብ ዘይት ነው፣ ወይም ናፍጣ፤ ናፍጣ ይሸታል፣ ሽታው ያስጠነቅቃል። ያን ዓመት ግን ሌላ ነገር ነበር። በዓመቱ መግቢያ የበረሃ አንበጣ የምሥራቅ አማራን ቆላዎች ወርሮ ነበር። ከዚያም በፊት ቢሆን ሽንኩርትና ትምባሆ በሚበቅልበት ቆላ ፀረ ተባይ እንግዳ አይደለም። በርሚሉን ጠጋ ብዬ አየሁት። ወረቀቱ ተልጧል፤ ሳይላጥ በቀረው ጥግ ላይ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ይታያል። የእህቴ ልጅ የገዛው «ከእርሻ የወጣ ንጹሕ በርሚል» ተብሎ ነው። ለሻጩ አልፈርድበትም፤ እሱም የገዛው እንደዚያው ተብሎ ይሆናል።

«ሦስት ጊዜ በኦሞ አጥቤዋለሁ እኮ» አለ ልጁ።

«በግራዋስ?» አሉ እትዬ። መቀለዳቸው ይሁን የምራቸው አልገባኝም።

የኔ ፍርሃት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የማጀት ሕጋችን ለጠላ፣ ለወተት፣ ለቅቤ የወጣ ነው፤ ግራዋው እርሾ ይገድላል፣ የወይራው ጢስ ሽታ ይለውጣል። መርዝ እርሾ አይደለም። በበርሚሉ ስፌትና በዝገቱ ሥር ይቀራል፤ በሳሙና ቢታጠብ ውሃው ወደ ጓሮ ይወርዳል እንጂ የቀረው አይወጣም። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ለመግባት አፍ አያስፈልጋቸውም፤ በቆዳ በኩል ያልፋሉ። ልጁ ሊያደርግ ያለው ምንድን ነው? ያንን በርሚል በየቀኑ እያሞቀ፣ በውሃው የአሥራ አምስት ቀን ሕፃን ሊያጥብ። «መድኃኒት» የሚለው ቃላችን ራሱ አሳሳች ነው፤ የሚያድነውንም የሚገድለውንም በአንድ ዕቃ ይዟል።

ይህ የአንድ ግቢ ጉዳይ አይደለም። ከአንበጣና ከተምች ለመከላከል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገራችን የገባው፣ አብዛኛውም በእርዳታ የተሰጠን ፀረ ተባይ፣ ጊዜው እያለፈ በየመጋዘኑ ሲከማች ኖሯል። በርሚሉ ዝጎ መሬት ላይ የፈሰሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ማስወገድ ሲጀመር፣ እንዲህ ያለውን መርዝ የሚያቃጥል ምድጃ በአገር ውስጥ ስላልነበረን ከ1,000 ቶን በላይ ታሽጎ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። ቶኑ በመጋዘን ስለነበር ተቆጠረ፣ ታሸገ፣ ተጫነ። ባዶው በርሚል ግን ማንም ሳይቆጥረው በየገበያው ይሸጣል። የባዶ ዕቃ ደንቡ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ሦስት ጊዜ አለቅልቀህ ብሳው ይላል። ብሳው የተባለው ማንም መልሶ ውሃ እንዳይቀዳበት ነው። ውሃ በሚጠማው አገር ግን ሙሉ በርሚል መብሳት እንጀራ ረግጦ እንደመሄድ ነው የሚቆጠረው።

በርሚሉ ቀረ። ሌላ ዕቃ ፍለጋ ገባን። ልጁ መጀመሪያ ያሰበው ሮቶ ነበር፤ የፕላስቲክ ታንከር ሁሉ በአገራችን በአንድ የምርት ስም ሮቶ ሆኖ ቀርቷል። ለቀዝቃዛ ውሃ ወደር የለውም። በየቀኑ 60 ዲግሪ ቢገባበት ግን ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሆዱም ይነፋል። ጋልቫናይዝ ብረትም ይሞከራል፤ ዚንኩ ግን በጣም ሙቅ ውሃ ላይ ጠባቂነቱን ይተዋል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቱቦ መዳብ ከሆነ ደግሞ መዳቡ ዚንኩን አስበልቶ ይጨርሰዋል። የእህቴ ልጅ ቱቦ መዳብ ነው፤ ከአሮጌ ፍሪጆች ለቃቅሞ የበየደው።

መልሱን ያገኘሁት አዲስ አበባ ስመለስ፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ሰፈር ማንኛውም ዕቃ ሁለተኛ ሕይወት አለው፤ ስለ ቀድሞ ሕይወቱ መጠየቅ ግን እንደ ነውር ይታያል። ሬዚስታንሱ የተቃጠለ ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ከግድግዳ ተደግፎ አየሁ።

«ጋሽዬ፣ ይሄ አይሠራም፤ ለብረቱ ነው የምሸጠው» አለኝ ልጁ፣ በደንብ ታማኝ ሆኖ።

«ምን ነበረበት?»

አየኝ። «ውሃ ነዋ! ምን ሊኖርበት ኖሯል?»

በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ሬዚስታንሱ ቢቃጠልም ቦይለር ሙሉ ፔርሙዝ ነው። ውስጡ በኢናሜል ተለብጧል፣ በሆዱና በቆርቆሮው መካከል ስፖንጅ ተጠቅጥቋል፤ መሐሉ ላይም ብረቱ እንዳይበላ በእሱ ፈንታ የሚበላ የማግኒዚየም ዘንግ ተተክሏል። ዘንጉ አልቆ ነበርና አዲስ ገዛሁለት። አውቶቡስ ላይ ለቦይለሩ የአንድ ሰው ሒሳብ ተከፈለ።

የካቲት ላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያውን ሌሊት ጠዋት በ12 ሰዓት እትዬ ራሳቸው ደወሉ። «ያፈጃል!» አሉ፤ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ስልኩን ዘጉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ሁሉም ጥለው ደብረ ብርሃን ወጡ። ሲመለሱ ከቤቱ የጎደለው ብዙ ነው፤ ቦይለሩ እዚያው ከፍ ብሎ ጭዱን እንደለበሰ ቆይቷቸዋል።

ሰማያዊው በርሚል ግን ገና ያኔ፣ በ2012፣ ጣጣ አመጣ። የእህቴ ልጅ ገንዘቡን ማጣት አልፈለገም። መልሶ ሊሸጠው ነበር። «እኔ አልጠቀምበት እንጂ ሌላው ምን ያደርግበት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለ። እትዬ ምንም አልመለሱለትም፤ ማድቤት ገብተው ዶማ ይዘው ወጡና ፊቱ አቆሙለት። ጥቂት ቆመ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ በርሚሉን ከግርጌው ሦስት ቦታ በሳው። ድምፁ ሰፈሩን አናወጠው።

በማግስቱ ከጓሮው ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት በር አንኳኩ። ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ወደ በርሚሉ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ልጄ፣ አንተ በያጅ አይደለህ? ቀዳዳዎቹን ደፍነህልኝ በስንት ትሰጠኛለህ?»